«ቴክ» ሁልጊዜ መውሰድ አይደለም

ደሴ ውስጥ አስጎብኚ በነበርኩበት ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ ጎልማሳ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወስጄ መለስኩ። በመንገዳችን ቤታችንን አሳይቼው ስለነበር፣ ስንለያይ በወሎ ሰው ወግ «ነገ እናቴ ቤት ቡና ካልጠጣህ እቀየማለሁ» አልኩት። ፈገግ ብሎ «አይ ዊል ቴክ ዩ አፕ ኦን ዛት» አለኝ። «ቴክ» መውሰድ፣ «አፕ» ወደ ላይ፤ በቃ፣ ቶሳ ተራራ ሊያወጣኝ ነው አልኩ። በማግስቱ ጃኬቴን ደርቤ ሆቴሉ በር ላይ ስጠብቀው፣ ሰውየው ለካ እናቴ ቤት ተቀምጦ ኖሯል። ቡናው ገና አልታጠበም። «ግብዣህን ተቀብያለሁ» ማለቱ ነበር።

እንግሊዝኛ አንድ ተራ ግስ ወስዶ አጠገቡ አጭር ቃል ያቆምና ሌላ ትርጉም ያወጣለታል። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ተስፋ ቆረጠ» ስንል ቢላ የያዘ ሰው አይታየንም፤ «አደራ በላ» ስንልም እንጀራ አናስብም። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት ለየብቻ መተርጎም ተዉና እንደ አንድ ቃል ያዙ። ረጅም ዝርዝር መሸምደድንም አልመክርም። እኔ ሞክሬው ፈተናው ሳይደርስ ጠፍቶብኛል። ለአንድ ሳምንት አንድ ግስ ብቻ ይበቃል።

በ«ቴክ» ጀምሩ። ኃላፊ ጊዜው «ቱክ» ነው። «ቴክ ኦፍ» ማውለቅ ነው፤ መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማችንን የምናደርገው። ይኸው «ቴክ ኦፍ» ከኮምቦልቻ ማረፊያ ለሚነሣ አውሮፕላንም ይሆናል፤ «ኦፍ» በሁለቱም ቦታ መለየትን ያመለክታል፣ አንዱ ከእግር፣ ሌላው ከምድር። ሁሉም ግን እንዲህ በቀላሉ አይገለጥም። «ቴክ አፍተር» ቃል በቃል ቢፈታ «በኋላ መውሰድ» ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን ወላጅን መምሰል ነው፤ «አባቱን ቁርጥ» የምንለው።

በጣም የምወደው «ቴክ ኢን» ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ከሄዳችሁ ቀሚስ ማጥበብ ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ቤት ካስገባችሁት ማስጠጋት ነው። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ገዝቶ የመጣ ሰው ደግሞ «አይ ወዝ ቴክን ኢን» ቢል፣ ተታለልኩ ማለቱ ነው። ሦስቱን የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ግሱን ብቻውን በደብተር መጻፍ የማይጠቅመው። «ቴክ ኦቨር» ሥራ መረከብ፣ «ቴክ ኦን» ሠራተኛ መቅጠር ወይም ኃላፊነት መሸከም፣ «ቴክ አፕ» አንድን ሙያ ወይም ልማድ መጀመር፤ እነዚህ ብዙ አያስቸግሩም።

የሚያስቸግረው የቃላቱ ቦታ ነው። ጫማን በስሙ ከጠራችሁት «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ወይም «ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ» ብትሉ ሁለቱም ልክ ነው። ጫማን በተውላጠ ስም ከተካችሁት ግን መካከል መግባት ግዴታው ነው፤ «ቴክ ዜም ኦፍ» ይባላል፣ «ቴክ ኦፍ ዜም» ስሕተት ነው። «ቴክ አፍተር» ደግሞ ምንም ነገር መካከሉ አያስገባም። «ሂ ቴክስ አፍተር ሂም» እንጂ «ሂ ቴክስ ሂም አፍተር» የሚል የለም። ይህን ከመልኩ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱን ስትጽፉ ዳር ላይ «ይከፈላል» ወይም «አይከፈልም» ብላችሁ ምልክት አድርጉ።

የእኔ ልማድ ከቡና ጋር የተያያዘ ነው። አቦሉ ሲቀዳ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከራሴ ቤት እጽፋለሁ፤ ስለ እናቴ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጫማዬ። በቶናው ጮክ ብዬ አነባቸዋለሁ። እናቴ ለማን እንደማወራ ትጠይቀኛለች። በረካው ላይ ስሞቹን እያወጣሁ በተውላጠ ስም እተካና ቦታቸውን እፈትሻለሁ። እንግሊዛዊውም በረካውን ሳይጠጣ አልተነሣም ነበር፤ እኔ ያን ጊዜ ገና ሆቴሉ በር ላይ ነበርኩ።