ተከላካይ የነበረ አሰልጣኝ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከዴቪድ ሞይስ ጉዞ

ዴቪድ ሞይስ በ1963 ግላስጎው ውስጥ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሴልቲክ የመሃል ተከላካይ ሆኖ ጀመረ፤ በ1981/82 ከቡድኑ ጋር የስኮትላንድ ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን የተጫዋችነት ዘመኑ ያለፈው በካምብሪጅ፣ በብሪስቶል ሲቲ፣ በሽሩውስበሪ፣ በደንፈርምሊን፣ በሃሚልተንና በፕሬስተን ነው። ከኋላ ቆሞ ቡድን ሲመራ የኖረ ተጫዋች አሰልጣኝ ሲሆን የት ላይ እንደሚሰናከል ለማየት ከእሱ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ይኸው አንድ ሰው በኤቨርተን 11 ዓመት ቆየ፣ በማንቸስተር ዩናይትድ 10 ወር እንኳ አልሞላም፣ ከዌስትሃም ጋር ደግሞ የአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግን ዋንጫ አነሳ። የምንደግፈውን ክለብ ለጊዜው ትተን ሥራውን እንመልከት።

ጫማ ከሰቀሉ በኋላ ኮርስ መጀመር

ሞይስ የአሰልጣኝነት ትምህርት የጀመረው በ22 ዓመቱ ነው። በጃንዋሪ 1998 በእንግሊዝ ሊግ ሦስተኛው እርከን ሊወርድ ጫፍ ላይ የነበረውን ፕሬስተንን ሲረከብ 34 ዓመቱ ነበር፤ ከኋላው ግን ከአሥር ዓመት በላይ የተማረው ነገር ነበረው። ቡድኑን ከመውረድ አተረፈ፣ በ2000 ደግሞ ሻምፒዮን አድርጎ ወደ ሁለተኛው እርከን አሳደገው። ገና እየተጫወታችሁ ያላችሁ ተከላካዮች፣ ዛሬ ማታ ደብተር ግዙ። የየቀኑን ልምምድ መዝግቡ፦ ስንት ሰው በስንት ሰው፣ በምን ያህል ስፋት፣ ለስንት ደቂቃ፣ አሰልጣኙ የት ላይ እንዳስቆመና ምን ብሎ እንዳረመ። በየክለቡ የምታገኟቸው አሰልጣኞች በነጻ የሚያስተምሯችሁ መምህራን ናቸው።

ትናንት አብሮህ ልብስ የቀየረውን ጓደኛህን ዛሬ ከቋሚ አሰላለፍ ማውጣት ካልቻልክ፣ በዚያው ክለብ ኃላፊነቱን አትቀበል።

የራስን ሰዎች ይዞ ገብቶ ነባሮቹን ማሰናበት

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፣ ዛሬም በየክለቡ ይደገማል። በ2013 ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ከ26 ዓመት በላይ የመሩትን ዩናይትድ ሲለቁ ቡድኑ በ11 ነጥብ ልዩነት ሻምፒዮን ነበር። በዚያው ክረምት ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴቪድ ጊልም ወጣ። የክለቡን ውስጠ ምስጢር ከሚያውቁት ሁለቱ ትልልቆቹ ባንድ ጊዜ ሄዱ ማለት ነው። በዚህ ላይ ምክትሉ ማይክ ፌላን፣ የዋናው ቡድን አሰልጣኝ ሬኔ ሚውለንስቲንና የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙ ኤሪክ ስቲል ለቀቁ። በቦታቸው ስቲቭ ራውንድ፣ ጂሚ ላምስደንና ክሪስ ዉድስ ከሞይስ ጋር ከኤቨርተን መጡ።

ስቲልን ብቻ እንውሰድ። ግብ ጠባቂው ዴ ሄያ በ2011 ገና በ20 ዓመቱ ከስፔን ሲመጣ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። ስቲል ከልጁ ጋር ለመግባባት ሲል ስፓኒሽ ተማረ። እንዲህ ያለው እውቀት በፋይል አይቀመጥም፣ በርክክብም አይተላለፍም፤ ሰውየው በር ሲወጣ አብሮት ይወጣል። አዲሱ አሰልጣኝ ደግሞ የጎደለውን የሚያውቀው ውጤት ሲበላሽ ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚጠይቀው ሰው የለም።

ተከላካዮች ለዚህ ስህተት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። የመሃል ተከላካይ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው አጠገቡ በቆመው ሰው ተማምኖ ነው፤ የማያውቀው ሰው ጎኑ ሲቆም አይረጋጋም። ለሜዳ የሚበጀው ይህ ጠባይ ክለብ ሲረከቡ ይጎዳል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከነባሮቹ ቢያንስ አንዱን፣ በተለይ የግብ ጠባቂዎቹን አሰልጣኝ፣ ለአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አቆዩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከእያንዳንዱ ነባር ሠራተኛ ጋር ለየብቻ ተቀምጣችሁ ጠይቁ፦ በጨዋታ ማግስት ማን ያርፋል፣ ማን ይሮጣል? በሰው ፊት ሲወቀስ ማን ይነሳሳል፣ ማን ይሰበራል? ከሰኞ እስከ ዓርብ የልምምዱ ክብደት እንዴት ነበር? መልሱን ሳትይዙ አንድም ነገር አትቀይሩ።

ሞይስ በዩናይትድ 51 ጨዋታ መርቶ 27 አሸነፈ፣ በ15ቱ ተረታ። የመጨረሻውን የተሸነፈው በገዛ ቀድሞ ክለቡ በኤቨርተን 2 ለ 0 ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ።

ዝውውር

በኤቨርተን የሠራውን ያየ ሰው ገንዘብ ከሌለው ክለብ ጋር መሥራትን ይማራል። ኬሂል ከሚልዎል፣ ሌስኮት ከዎልቭስ፣ ጃጊየልካ ከሼፊልድ ዩናይትድ መጡ፤ ሲመስ ኮልማን ከአየርላንዱ ስላይጎ ሮቨርስ በ60,000 ፓውንድ ተገዛ። ሁሉም ገና ወደ ላይ የሚያዩ፣ ራሳቸውን ማሳየት የሚፈልጉ ነበሩ። በዩናይትድ ግን አማካዩ ፌላኒ የተገዛው የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት ቀን በ27.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ተጫዋቹ አዲሱን ቡድን ሳይለምድ የውድድሩ ዘመን ተጀምሯል።

ከመዘግየት የባሰው የድሮ ተጫዋቾችን መሰብሰብ ነው። በ2016/17 ሞይስ ባሰለጠነው ሰንደርላንድ ውስጥ የኤቨርተን ተጫዋቾቹ የነበሩት ፒናር፣ አኒቼቤ፣ ጊብሰን፣ ኦቪዬዶና ሌስኮት እንደገና ከእሱ ጋር ተገናኙ። በ2006 የገዛው ሌስኮት ወጣትና የተራበ ተከላካይ ነበር፤ በ2017 የመጣው ግን 34 ዓመቱ ነው። ሰንደርላንድ በ24 ነጥብ መጨረሻ ወጥቶ ወረደ። የምትተማመኑበትን ተጫዋች ልትመልሱ ስትሉ ስሙን ሸፍናችሁ የዘንድሮውን ጨዋታዎቹን ብቻ ተመልከቱ።

በዚያው ዓመት ሌላም ስህተት ነበር፦ ገና ሁለተኛው የሊግ ጨዋታ እንዳለቀ ቡድኑ ላለመውረድ እንደሚታገል በአደባባይ መናገር። እውነት ቢሆንም ለቦርዱ የሚነገር ነው፤ ተጫዋቹ ጋዜጣ ያነባል።

አንዱን ጥሩ ዓመት እንደ ቀመር መያዝ

በ2004/05 ኤቨርተን ሩኒን ሸጦ አራተኛ ወጣ። 45 ጎል አግብቶ 46 ተቆጠረበት። በጠባብ ውጤት የተሰበሰበ 61 ነጥብ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ 11ኛ ሆነ። የጎል ልዩነታችሁ ከነጥባችሁ ጋር ካልሄደ፣ ደረጃው ላይ ሳይሆን ጎሉ ላይ ሥሩ።

ማሻማትን እንደ ማጥቃት መቁጠር

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2014 ዩናይትድ ከደረጃው ግርጌ የነበረውን ፉልሃምን በኦልድ ትራፎርድ አስተናገደ። ዩናይትድ ከ80 በላይ ኳስ ከመስመር ወደ ሳጥኑ አሻማ። በፉልሃም መሃል ቁመቱ 2 ሜትር የሆነው ወጣቱ ዳን በርን ቆሞ ነበር፤ የፉልሃም አሰልጣኝ ደግሞ ከወራት በፊት ከዩናይትድ የወጣው ሚውለንስቲን ነው። ፉልሃም በባከነ ሰዓት አስቆጥሮ 2 ለ 2 ተለያዩ።

ተከላካይ ፊቱን ወደ ኳሱ አዙሮ፣ እግሩን ተክሎ ሲጠብቅ የሚሻማለት ኳስ ቀላል ሥራ ነው፤ ይህን ደግሞ ከመሃል ተከላካይ በላይ የሚያውቅ የለም። ተከላካይ የሚጠላው ሦስት ዓይነት ኳስ ነው፦ መስመሩ ሳይደራጅ በእሱና በግብ ጠባቂው መካከል የሚገባው፣ ከጎሉ መስመር አጠገብ ወደ ኋላ የሚመለሰው፣ እንዲሁም አማካይ ከኋላ ሮጦ የሚደርስበት። ሞይስ ሦስተኛውን አሳምሮ ያስተምራል፤ ኬሂል በኤቨርተን፣ በ2020/21 በሊጉ 10 ጎል ያገባው ሱቼክ በዌስትሃም የሚያገቡት እንዲሁ ዘግይተው እየደረሱ ነበር። በኤቨርተን ግራ በኩል ፒናር ወደ ውስጥ ገብቶ የተጋጣሚን የመስመር ተከላካይ ይስባል፣ የግራ ተከላካዩ ቤይንስ በውጭ በኩል ያልፈዋል፤ ኳሱ ሲሻማ ተከላካዮቹ ገና ወደ ራሳቸው ጎል እየሮጡ ናቸው። በልምምድ 8 ሰው በ6 ሰው አጫውቱና፣ ከተሻማ ኳስ የሚገባው ጎል የሚቆጠረው አግቢው ሩጫውን ከሳጥኑ ውጭ ከጀመረ ብቻ ይሁን። በሁለት ሳምንት ውስጥ የመስመር ተጫዋቾቻችሁ ቀና ብለው ማየት ይጀምራሉ።

ጁን 7 ቀን 2023 በፕራግ የኮንፈረንስ ሊጉ ፍጻሜ ዌስትሃምና ፊዮሬንቲና 1 ለ 1 ሆነው 90ኛው ደቂቃ ደረሰ። ዌስትሃም ከ1980 ወዲህ ትልቅ ዋንጫ አላነሳም ነበር። ኳሱ ፓኬታ እግር ላይ ነው። ወደ መስመር አላወጣውም፤ በመሃል በኩል ከተከላካዮቹ ጀርባ ሰነጠቀው። በ2020 ከሃል ሲቲ የተገዛው ቦወን ሩጫውን ቀድሞ ጀምሮ ነበር፤ ብቻውን ከግብ ጠባቂው ጋር ተገናኝቶ አስቆጠረ።