ማየትና መስማት የተሳናቸውን ልጆች ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ስህተት የልጁን እጅ መጎተት ነው። ማየትም መስማትም ለተሳነው ልጅ እጁ ዓይኑም፣ ጆሮውም፣ አንደበቱም ሆኖ ሳለ፣ አዲስ መምህር ከኋላው መጥቶ አንጓውን ይጨብጥና ሳሙናውም ዶቃውም ላይ ይጭነዋል። ልጁ ምን እንደሚነካ ሳያውቅ ሲደነግጥ ከርሞ መዳሰስን ይጠላል፤ መምህሩም “እልኸኛ ነው” ብሎ ይመዘግባል። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ይህንኑ ስለሠራሁ፣ አንዲት ተማሪዬ አጠገቧ በተቀመጥኩ ቁጥር እጆቿን ብብቷ ውስጥ ትሸሽግ ነበር። መዳፏ በእጄ ጀርባ ላይ እንዲያርፍ እጄን ከእጇ ሥር ማድረግ፣ ወደምትሄድበት መከተል፣ ስትተወኝም መተው እንደሚገባኝ የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ እርሷም እጆቿን መልሳ ለማውጣት ወራት ፈጅቶባታል።

ሁለተኛው፣ ሳያሳውቁ ማድረግ ነው፤ ልጁን ድንገት ያነሡታል፣ ድንገት ያጎርሱታል፣ ድንገት ያጥቡታል። አንዲት እናት ግን ከምግብ በፊት ሁልጊዜ የእጅ ማስታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ ልጇን ታስዳስሰው ነበር። አንድ ቀን ልጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ሄዶ ባዶውን ማንቆርቆሪያ አምጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። እርሷ ጨዋታ መስሏት ወደ ቦታው ልትመልሰው ስትነሣ አብሬያት ስለነበርኩ፣ “እሜቴ፣ ራበኝ እያለዎት ነው” አልኳት፤ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ እስኪገኝ ትምህርቱን የሚያዘገዩ ሁሉ ያንን ማንቆርቆሪያ ባዩት እላለሁ።

“ምንም አያይም፣ ምንም አይሰማም” ብሎ መደምደምም ስህተት ነው፤ ብዙዎቹ የተረፈ እይታ ወይም የመስማት አቅም ስላላቸው፣ መስኮቱን ከኋላችን አድርገን መቀመጣችን ብቻ ፊታችንን ሊሰውርባቸው ይችላል።

መስማት የተሳናቸው በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሲመሽ የሚደናቀፍና ከጎኑ የሚሰጠውን ምልክት የሚስት ተማሪ ካለ፣ ግድየለሽ ነው ተብሎ አይቀጣ። አሸር ሲንድረም የሚባለው፣ መስማት ከመሳን ጋር የሚመጣ በዘር የሚተላለፍ ችግር በመጀመሪያ የምሽት እይታን፣ ከዚያም የዳር እይታን ስለሚያሳጣ፣ ልጁን ለዓይን ሐኪም ማሳየትና ዓይኑ ሳይደክም በዳሰሳ የሚነበብ የምልክት ቋንቋ ማስጀመር ያስፈልጋል።

ልጁን ለዓይነ ስውራን ወይም መስማት ለተሳናቸው በተዘጋጀ ክፍል አስቀምጦ መተውም አይበቃም፤ አንዱ በድምፅ፣ ሌላው በዓይን የሚያስተምር ነውና። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 እነዚህን ልጆች ለይቶ ጠርቶ፣ ለእያንዳንዳቸው በሚስማማ ቋንቋና የመግባቢያ ዘዴ እንዲማሩ ያዛል፤ ትምህርት ቤት አልቀበልም ሲላቸው ወላጆች ይህን አንቀጽ በማመልከቻቸው ላይ ይጥቀሱት።