የጎ ካርታችን ካቴና መውለቅ ያቆመው እንዲህ ነው

እኔና የ15 ዓመት ልጄ ከቱቦላሬ የሠራናት ጎ ካርት (ትንሽ ክፍት የእሽቅድምድም መኪና) አራት ቀን አስቸገረችን። በክሪክ ተነስታ ጎማዋ አየር ላይ ሲዞር ምንም አትልም። ልጄ ተቀምጣ ነዳጅ ስትሰጥ ግን ካቴናው ይወልቃል።

መጀመሪያ ካቴናውን አጠበቅነው። የኋላው ኩሽኔታ ጋለ እንጂ ለውጥ የለም። አዲስ ካቴና ገዛን፤ እሱም ወለቀ።

ከዚያ ልጄ ሲባጎ አመጣች። በኋላው ኮሮና (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ጎን አስደግፋ እስከ ሞተሩ ፒኞን (ትንሹ ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ወጠረችው። ፒኞኑ ከኮሮናው መስመር 6 ሚሊ ሜትር ተዛንፏል! ይህን በዓይን አይቼ አላገኘውም ነበር። በሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ በሆነ ስስ ክብ ብረት) አስተካከልነው። መውለቁ ቀነሰ፣ ግን አልቆመም።

በመጨረሻ ፍሬን ይዛ ትንሽ ነዳጅ ስትሰጥ ከጎን ራቅ ብዬ አየሁ። ሞተሩ የተቀመጠበት ላሜራ ይታጠፋል። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ካቴናው ይላላል፣ ከዚያ ይዘላል።

ከላሜራው ሥር ሁለት አንጎላሬ (የL ቅርጽ ያለው ብረት) በየድን። ብየዳ ብረት ስለሚያጣምም በሲባጎው እንደገና ለካን። ሞተሩን አጥፍተን ካቴናው መሃል ላይ በጣት ሲገፋ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲላላ አደረግን። ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ነዳች፤ አንዴም አልወለቀም።

የካቴናውን ሽፋን ሳትገጥሙ ግን ልጅ አታስነዱ።