ኤችቶፕን አይተው ከመፍረድዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰርቨር ሲንቀራፈፍ ብዙ የሊኑክስ ባለሙያ ተርሚናሉን ከፍቶ መጀመሪያ የሚጠራው ኤችቶፕን ነው። ሂሻም ሙሐመድ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ይህ በማሽኑ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ከፕሮሰሰርና ከሜሞሪ አጠቃቀማቸው ጋር የሚያሳይ መሣሪያ፣ ቀዳሚው ቶፕ በደረቅ ቁጥር ያሳየን የነበረውን ሁሉ በቀለም አድምቆታል። ጣጣው የሚጀምረውም ከቀለሙ ነው። ቀይ ያየ ሁሉ ማሽኑ ሊወድቅ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ በፕሮሰሰሩ መስመር ላይ ያለው ቀይ ግን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የተጠቀመበትን ጊዜ ከማመልከት ያለፈ ትርጉም የለውም። የቀለሞቹ ፍቺ ኤፍ1ን ሲጫኑ ይመጣል፤ የሚጫነው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የበዛው ስህተት በሜሞሪ ላይ የሚፈጸመው ነው። መስመሩ እስከ ጫፉ ተሞልቶ ያየ ሰው «ራም አለቀ» ይላል። ሊኑክስ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሜሞሪ አይወድም፤ ከዲስክ ያነበባቸውን ፋይሎች እዚያ ያቆያል፣ ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅም ወዲያው ይለቅለታል። ቢጫው ክፍል ይህ ካሽ ነው፤ ፕሮግራሞች የያዙት አረንጓዴው ነው። ይህን ሳይረዱ ካሹን በየሰዓቱ የሚያጸዳ ትእዛዝ የሚያዘጋጁ አሉ። ትርፋቸው ዲስኩ ያንኑ ፋይል ደጋግሞ እንዲያነብ ማድረግ ብቻ ነው። ይልቅ «ፍሪ» የተባለው ትእዛዝ በመጨረሻው ዓምድ የሚያሳየውን «አቬይለብል» ይመልከቱ። እርሱ እያሽቆለቆለ፣ «ቪኤምስታት» በተባለው ትእዛዝ ላይ ደግሞ የስዋፕ (ራም ሲጠብ ዳታ የሚዛወርበት የዲስክ ቦታ) ገቢና ወጪ ያለማቋረጥ ሲመላለስ ያን ጊዜ ይስጉ። አንድ ጊዜ ወደ ስዋፕ ተወስዶ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዳታ ማንንም አይጎዳም።

«ቨርት» የሚለውን ዓምድ አይቶ ፕሮግራምን መወንጀልም ከዚሁ ወገን ነው። እርሱ የተጠየቀውን አድራሻ ሁሉ ይቆጥራል፤ ራም ላይ ያለው በ«ሬስ» ይታያል። ሬስንም ቢሆን ደምረው አይመኑት። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ በርካታ ፕሮሰሶች (በመሥራት ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) የሚጋሩት አንድ ሜሞሪ ስላለው፣ ያው ሜሞሪ በእያንዳንዱ ፕሮሰስ ስም ተደጋግሞ ይቆጠራል፤ ድምሩም ከማሽኑ ራም ሊበልጥ ይችላል።

የሎድ አማካይን፣ ማለትም በሥራ ላይ ያሉና ተራ የሚጠብቁ ፕሮሰሶችን አማካይ ብዛት በተመለከተ፣ ሦስቱ ቁጥሮች የ1፣ የ5 እና የ15 ደቂቃ ናቸው። ከኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ብዛት ጋር ካልተነጻጸሩ ትርጉም የላቸውም፤ ሎድ 4 ለባለ 4 ኮር ማሽን ሙሉ ሥራ ነው፣ ለባለ 1 ኮር ግን ወረፋ ነው። ሊኑክስ ደግሞ ዲስክ የሚጠብቁ ፕሮሰሶችን ጭምር ይቆጥራል። ስለዚህ ሎዱ 20 ደርሶ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ቢያዩ አይገረሙ፤ የፕሮሰሰር ግዢ ከመጠየቅዎ በፊት ግን ዲስኩን ወይም በኔትወርክ የተያያዘውን ማከማቻ ይፈትሹ።

አንድ ፕሮሰስ 400 በመቶ ማሳየቱ ብልሽት አይደለም፤ 4 ኮሮችን ይዟል ማለት ነው። አንድ ፕሮግራም በሃያ መስመር ከታየዎትም መስመሮቹ ብዙውን ጊዜ ትሬዶች (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ናቸውና ትልቁን ኤች ተጭነው ይደብቋቸው።

አሁን ፕሮሰስን ወደ መግደል፣ ማለትም ወደ ማስቆም እንምጣ። ኤፍ9 ሲጫኑ ኤችቶፕ ራሱ የሚመርጥልዎ ሲግናል (ለፕሮሰሱ የሚላክ መልእክት) 15 ነው፤ ፕሮግራሙ ፋይሎቹን ዘግቶ፣ የጀመረውን ጨርሶ እንዲወጣ ይጠይቀዋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው በቀጥታ ወደ 9 ይሄዳል። 9 መሰናበቻ አይሰጥም፤ በግማሽ የተጻፈው በግማሽ ይቀራል። በፖስትግሬስ ላይ ዋጋው ከባድ ነው፦ አንዲት የዘገየች ጥያቄ ለማስቆም አንዱን ፕሮሰስ በ9 ቢገድሉ ዳታቤዙ የተጋራው ሜሞሪ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ የሌሎቹንም ተጠቃሚዎች ግንኙነት ይቆርጥና የማገገም ሥራ ይጀምራል። ዞምቢ ሆኖ የቀረን ፕሮሰስ በ9 መደብደብ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ እርሱ አስቀድሞ ሞቷል፣ የቀረው ወላጅ ፕሮሰሱ ውጤቱን እንዲቀበል ብቻ ነው። በ«ዲ» ሁኔታ ላይ ያለው፣ ማለትም ዲስክን የመሰለ ነገር እየጠበቀ ያለው ፕሮሰስም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ነገር እስኪመጣ ትእዛዝዎን አይሰማም።

በኪራይ ሰርቨር የሚሠሩ ከሆነ ኤፍ2ን ተጭነው ዝርዝር የፕሮሰሰር ጊዜን ያብሩ። ያለዚያ ዲስክ በመጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ እንደ ዕረፍት ይታይዎታል፤ «ስቲል» የሚባለውንም፣ ማለትም የእርስዎ ማሽን ሊሠራ ተዘጋጅቶ ሳለ ፕሮሰሰሩ ለሌላ የተሰጠበትን ጊዜ፣ ለይተው አያዩትም። ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ ከቆየ ኮድዎን ማገላበጥዎን ትተው ለአከራዩ ድርጅት ይጻፉ፤ ቁጥሩን የሚያሳይ የስክሪን ምስልም አብረው ይላኩ።