ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ልትሰጡ ካሰባችሁ እነዚህን ስህተቶች እዩልኝ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ የመንግስት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን አግዛለሁ። ውጭ ያላችሁም እዚሁ ያላችሁም አዋጥታችሁ ኮምፒውተር ስታመጡ በጣም ደስ ይለናል፣ ግን ሁሌ የሚደጋገሙ ነገሮች አሉ፣ የሚጎዱት ደሞ ልጆቹ ናቸው።

ትልቁ ስህተት አስረክቦ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ነው። ዕቃው ግቢ እንደገባ በሞዴል 19 (የመንግስት ንብረት መቀበያ ደረሰኝ) ገቢ ይሆናል፣ ከዛ በኋላ የአንድ ሰው ዕዳ ነው። አንዱ ቢሰበር ከደሞዜ ይቆረጣል ብሎ የሚፈራ ሰው ምን ያደርጋል፣ ይቆልፋል። እኛ ጋ 20 ዴስክቶፕ ከነካርቶኑ አንድ አመት ሙሉ ስቶር ተቀምጦ ልጆቹ በመስኮት ሲያዩት ነው የከረሙት። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። ስለዚህ ዕቃው ሳይመጣ ከርዕሰ መምህሩ፣ ከንብረት ክፍሉና ከወተመህ (ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ጋር ቁጭ በሉና ልጆች ሲሰሩበት የተበላሸ ዕቃ ማንም አይከፍልበትም የሚል ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚሆን ቅዳሜ ማን እንደሚከፍት ሳይቀር ይጻፍ።

ሁለተኛው መብራት ነው። በኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ በኃይል ነው የሚመጣው፣ ያለ ስታቢላይዘር የተሰካ ማሽን ፓወር ሰፕላዩ ብዙ አይቆይም። ከአሜሪካ የመጣ ዴስክቶፕ ከሆነ ደሞ ጀርባውን እዩት፣ አንዳንዱ 115 እና 230 የሚል ማዞሪያ አለው፣ 115 ላይ እንዳለ እኛ ሀገር 220 ላይ ከሰካችሁት ወዲያው ይቃጠላል። ሁለት ማሽን እንዲህ ሲሄድብን በአይኔ አይቻለሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቢሮ የጣለውን ሁሉ ሰብስቦ መላክም ይቅር። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2025 ቆሟል፣ አሮጌዎቹ ደሞ 11ን አይቀበሉም፣ በዊንዶውስ ፈንታ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ጭናችሁ ራምና ኤስኤስዲ (ሚሞሪውንና ማከማቻውን) ቀይራችሁ ካመጣችሁት ግን ለኛ በቂ ነው።

ኢንተርኔት ይኖራል ብላችሁ አታስቡ። የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ የሚይዘው ኮሊብሪና እንደ ዊኪፒዲያ ያሉ ድረ ገጾችን የሚያስነብበው ኪዊክስ ያለ ኢንተርኔት ይሰራሉ፣ አንዱ ማሽን ላይ ተጭነው ሌሎቹ በዋይፋይ ከሱ ይወስዳሉ።

አስተማሪውን መርሳት ሌላው ነው። ፔሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ላፕቶፕ ለልጆች አድላ፣ በፈረንጆቹ 2012 የወጣው በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተሰራ ጥናት ሂሳብና ቋንቋ ላይ ለውጥ አላገኘም። ማሽን ብቻውን አያስተምርማ። ካላችሁ ገንዘብ ላይ ቀንሳችሁ አምስት ኮምፒውተር ይቅርና ለሁለት አስተማሪ የክረምት ስልጠና ክፈሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሶስት ልጅ አንድ ማሽን ላይ ሲቀመጥ ማውሱን ሁሌ የሚይዘው አንዱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሴቶቹ ቆመው ነው የሚያዩት። ተራ በሰዓት ይያዝላቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኦንላይንም እየተሰጠ ነው፣ ከተማ ውስጥ ቤቷ ላፕቶፕ ያላት ልጅና ማውስ ነክታ የማታውቅ የኛ ልጅ እኩል ሰዓት ነው የሚሰጣቸው።