የመጀመሪያ የፓይተን ትምህርታችሁን ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚያስተምር መጽሐፍ፣ ቪዲዮና አፕ ሞልቷል፤ አብዛኛውም በነፃ ይገኛል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ምርጫው ላይ ነው።

የታተመበትን ዘመን አለማየት

ቴሌግራም ላይ የምንቀባበላቸው ፒዲኤፎች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። ፓይተን 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ የፓይተን 2 ድጋፍ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ተቋርጧል። ሁለቱ በጣም ስለሚመሳሰሉ ጀማሪ መጽሐፉን አይቶ አይለያቸውም፤ ጣጣውም ከዚህ ይመጣል። በአሮጌው አጻጻፍ "ሰላም" የሚለውን ለማሳየት ፕሪንት ብሎ ቃሉን በጥቅስ ምልክት ማስከተል ይበቃ ነበር። ዛሬ የምትጭኑት ፓይተን ግን ቅንፍ ካላገኘ ገና የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ስህተት ብሎ ይቆማል። ይሄኔ ጀማሪው ጥፋቱን ራሱ ላይ ነው የሚፈልገው፤ መጽሐፉን ማን ይጠረጥራል?

ዝም ብሎ የሚያልፈው ስህተት ደግሞ ይብሳል። 7ን ለ2 ስታካፍሉ አሮጌው 3፣ አዲሱ 3.5 ይላችኋል። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም፤ የመጽሐፉና የስክሪናችሁ መልስ አይገናኝም፣ በቃ። ስለዚህ ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት ፕሪንት ያለበት አንድ ምሳሌ ፈልጉ። ቅንፍ ከሌለው፣ የቱንም ያህል ቢወደስ፣ ተዉት።

ለማን እንደተዘጋጀ አለመጠየቅ

"ከምንጩ ልማር" ብሎ በፓይተን ኦፊሴላዊ ቱቶሪያል የሚጀምር ሰው አለ። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ግን የተዘጋጀው ሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው ነው። የፓይተን ዊኪ የጀማሪዎች መመሪያ ፕሮግራሚንግ ሞክረው ለማያውቁና ለሚያውቁ ለየብቻ ዝርዝር አዘጋጅቷል። ከመጀመሪያው ዝርዝር ምረጡ።

ማየትን እንደ መማር መቁጠር

መምህሩ ሲጽፍ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። እስቲ ቪዲዮውን ዝጉና የሰው ዕድሜ ጠይቆ በሚቀጥለው ዓመት ስንት እንደሚሞላው የሚናገር ፕሮግራም ጻፉ። 20 ብላችሁ ብታስገቡም ኢንፑት (ከተጠቃሚው መልስ የሚቀበለው ትእዛዝ) የሚመልሰው እንደ ጽሑፍ ነው፤ 1 ልትደምሩበት ስትሉ ፕሮግራሙ ይቆማል። ኢንት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር መቀየር አለበት። ይህን አሥር ጊዜ ሰምቶ መርሳት ይቻላል፤ አንድ ማታ የታገሉበት ግን አይረሳም።

ስለዚህ መልመጃ የሌለውን ትምህርት፣ አስተማሪው ምንም ያህል ቢጥም፣ ዋና ትምህርታችሁ አታድርጉት። የሃርቫርድ የሲኤስ50 የፓይተን ኮርስ በነፃ የሚገኝ ሆኖ በየሳምንቱ የሚሠሩ ጥያቄዎች አሉት፤ መልሳችሁንም በራሱ ያርማል። ጥያቄዎቹ አንዳንዴ ይከብዳሉ፤ ለእኔ ግን ኮርሱን የምመርጠው በእነሱ ምክንያት ነው።

አማርኛ ብቻ፣ ወይም እንግሊዝኛ ብቻ

ሉፕ (አንድን ሥራ ደጋግሞ ማሠራት) ምን እንደሆነ በአማርኛ ሲብራራ ቶሎ ይገባል፤ ደስም ይላል። የስህተት መልእክቱ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። ማብራሪያውን በአማርኛ ስሙ፣ መልእክቱን በእንግሊዝኛ ማንበብ ልመዱ፤ መጀመሪያ የመጨረሻውን መስመር እዩ፣ የስህተቱ ዓይነት የሚጻፈው እዚያ ነው።

ሰርተፍኬት ማስቀደም

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሰርተፍኬት መለጠፍ ተለምዷል። ክፋት የለውም። ኮርስ ስትመርጡ ግን መጨረሻ ላይ ምን ወረቀት እንደሚሰጥ ሳይሆን ምን እንደሚያሠራችሁ ጠይቁ።

በየጊዜው ከዜሮ መጀመር

የሁሉም ኮርስ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ነው፦ ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም)፣ ኢፍ ("እንዲህ ከሆነ" የሚል ቅድመ ሁኔታ)፣ ሉፕ። ስለዚህ አዲስ ኮርስ የጀመረ ሰው ሁሉም ቀለል ይለውና የጎበዘ ይመስለዋል፤ ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት በተፈለገ ጊዜ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ላይ ሲደርስ እንደገና ይከብደውና ሌላ ያወርዳል። ፈንክሽን አልገባ ካላችሁ ስለ ፈንክሽን ብቻ የሚያስረዳ ሌላ ቪዲዮ እዩና ወደ ጀመራችሁት ኮርስ ተመለሱ።