በጅማ ለሚገኙ አሠሪዎች፦ የወሊድ፣ የሕመምና የቤተሰብ ጉዳይ ፈቃድ አያያዝ

በአንዳንድ አገሮች ሠራተኛ ሲወልድ ወይም ሲታመም የደመወዙን ከፊል የሚተካለት በመዋጮ የቆመ የመንግሥት ፈንድ ነው፤ የአሜሪካው ዋሽንግተን ግዛት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየከፈለበት ያለው አሠራር ለዚህ አንድ ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያ ግን ለግል ድርጅት ሠራተኞች እንዲህ ያለ ፈንድ ስለሌለ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገውን የፈቃድ ክፍያ የሚሸፍነው አሠሪው ራሱ ነው። ስለዚህ በጅማ ቡና የሚያበጥር መጋዘን፣ ሆቴል፣ የእንጨት ሥራ ድርጅት ወይም በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚያስተዳድር ሰው ፈቃድን ድንገት እንደሚመጣ ዱብ ዕዳ ሳይሆን አስቀድሞ ሊሰላ እንደሚችል የዓመት ወጪ አድርጎ ቢይዘው ይበጀዋል።

በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው የድርጅቱ የውስጥ ደንብ ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የድኅረ ወሊድ ፈቃድ 60 ቀን ስለነበረ፣ በዚያ ዘመን ተጽፈው እስከ ዛሬ ያልታደሱ ደንቦች ይኸንኑ ቁጥር ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ከአዋጁ ያነሰ መብት የሚሰጥ ደንብ ዋጋ የለውም፤ የኅብረት ስምምነት ግን የበለጠ ሊሰጥ ይችላል። ደንቡ ሲታደስ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ ሠራተኞች በሚያዩት ቦታ ቢለጠፍ በኋላ የሚነሳውን ክርክር በእጅጉ ይቀንሳል። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኞችንና የሥራ መሪዎችን እንደማይመለከት፣ የእነርሱ ጉዳይ በሌላ ሕግና በውላቸው እንደሚታይም ማስታወስ ያስፈልጋል።

የወሊድ ፈቃድ

ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። «ተከታታይ» በመባሉ እሑድም ሆነ የሕዝብ በዓል ከቆጠራው አይወጣም። ከዚህ በተጨማሪ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ስትሄድ ደመወዟ ሳይቀነስ ፈቃድ ይሰጣታል፤ አሠሪው የምርመራ ማስረጃ እንድታቀርብ ሊጠይቃት ይችላል። ሐኪም ዕረፍት እንድታደርግ ካዘዘም ይኸው ፈቃድ ከክፍያ ጋር ነው።

ቆጠራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በቀን ስሌት ስለሆነ በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንዲት ሠራተኛ ትወልዳለች ተብሎ የሚጠበቀው ታኅሣሥ 20 ቀን ነው እንበል። የቅድመ ወሊድ ፈቃዷ ኅዳር 20 ይጀምራል። ቀኑ ሳይደርስ ታኅሣሥ 8 ከወለደች የድኅረ ወሊዱ 90 ቀን ከዚያው ዕለት ይጀምርና መጋቢት 7 ያበቃል፤ ወደ ሥራ የምትመለሰው መጋቢት 8 ነው። ቀኑ አልፎ ታኅሣሥ 26 ከወለደች ደግሞ ከታኅሣሥ 20 እስከ 25 ያሉት ቀናት በተጨማሪ ፈቃድነት ይያዛሉ፤ 90 ቀኑም ከታኅሣሥ 26 ተነሥቶ መጋቢት 25 ይሞላል። ስለዚህ ለፈቃዱ የሚጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ የመመለሻ ቀንን ቁርጥ አድርጎ መግለጽ የለበትም፤ መመለሻው የልደቱ ማስረጃ ሲቀርብ በሁለተኛ ደብዳቤ ይገለጻል።

ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን በመሆናቸው ዘጠና ቀን ማለት ከሦስት ወር በኋላ ያው ቀን ነው፤ ደመወዝ ለሚያዘጋጀው ሠራተኛ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። ሒሳቡ የሚለወጠው ጳጉሜን በመሐል ስትገባ ነው፦ ሐምሌ 10 የወለደች ሠራተኛ አምስቱ የጳጉሜን ቀናት ስለሚቆጠሩ የምትመለሰው ጥቅምት 10 ሳይሆን ጥቅምት 5 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ጥቅምት 4። የሆስፒታል ወረቀት በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፎ ሲመጣም ጥንቃቄ ያሻል። ታኅሣሥ 8 በአብዛኛው ዲሴምበር 17 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ዲሴምበር 18 ይሆናል። በመዝገቡ ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን መጻፍ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ወጪው ምን ያህል ነው? በወር 6,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ 120 ቀን ስትወስድ ደመወዟ 24,000 ብር ይሆናል፤ 11 በመቶ የሆነው የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 2,640 ብር ሲታከልበት 26,640 ብር ይደርሳል። የተተኪዋ ደመወዝ ከዚህ ውጭ ነው። ሴቶች በብዛት የሚሠሩበት ድርጅት ባለፉት ዓመታት ስንት ሠራተኞች እንደወለዱ ከመዝገቡ አይቶ፣ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ለብቻው ቢያስቀምጥ፣ በተለይ የቡና መግዣ ጊዜ ደርሶ ጥሬ ገንዘብ በሚያጥርበት ወቅት አይጨነቅም። ተተኪ መቅጠርን በተመለከተ አዋጁ በፈቃድ ወይም በሕመም ለጊዜው የተለየ ሠራተኛን ለመተካት ለተወሰነ ጊዜ ውል መዋዋልን ይፈቅዳል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ የማን ምትክ እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ በግልጽ ካልተናገረ ግን ተተኪው እንደ ቋሚ ሠራተኛ ሊቆጠር ይችላል።

በከተማችን በአንዳንድ የቡና መጋዘኖች «ለቀማ ላይ ያሉት በቀን ሒሳብ ስለሚከፈላቸው የወሊድ ፈቃድ አይመለከታቸውም» ሲባል ይሰማል። ይህ አባባል ከሕጉ ጋር አይሄድም። አዋጁ የወሊድ ፈቃድን ከአገልግሎት ዘመንም ሆነ ከሙከራ ጊዜ ጋር አላያያዘም፤ ክፍያው በቀን ወይም በሥራ ውጤት መሆኑም ሠራተኛነትን አያስቀርም። በእርግጥ ሥራው ወቅታዊ ከሆነና ውሉ በሕጉ መሠረት በወቅቱ ፍጻሜ ካበቃ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እያሠሩ «ወቅታዊ» ማለት ግን አያስኬድም።

ከፈቃዱ በፊትም ግዴታ አለ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ሆነ በትርፍ ሰዓት ሥራ ማሰማራት ክልክል በመሆኑ፣ በፈረቃ የሚሠሩ ሆቴሎችና ፋብሪካዎች የፈረቃ ሠንጠረዣቸውን ነገሩን እንዳወቁ ማስተካከል ይኖርባቸዋል። ሥራው ለእርሷ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ቦታ ትዛወራለች። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስም ከእርግዝናዋና ከወሊዷ ጋር በማይገናኙ፣ በሕጉ በተለዩ ምክንያቶች ካልሆነ በቀር ውሏን ማቋረጥ አይቻልም። ታኅሣሥ 8 የወለደችው ሠራተኛ መጋቢት 8 ሥራ ብትጀምርም ይህ ጥበቃ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል አብሯት ይቆያል። ብዙ አሠሪ ይህችን የመጨረሻ ወር ይረሳታል።

የሕመም ፈቃድ

የሕመም ፈቃድ የሚገባው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። በአንድ ላይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ተወስዶ፣ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከስድስት ወር አይበልጥም፤ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። አስቸጋሪው ነገር በየጊዜው የሚወሰዱ ቀናትን ማደማመር ነው። 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በጥቅምት በወባ 20 ቀን ተኝቶ፣ በጥር በሌላ ሕመም 20 ቀን ቢቀር፣ የጥር ወሩ ሃያ ቀን እንደ አዲስ አይጀመርም። አሥሩ ቀን በሙሉ ክፍያ በቀን 200 ብር፣ አሥሩ ቀን በግማሽ 100 ብር ስለሚታሰብ ለሃያው ቀን 3,000 ብር ይደርሰዋል። ስለሆነም መዝገቡ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የመጀመሪያውን የሕመም ቀን፣ እስካሁን የተጠቀመበትን የቀን ብዛትና 12 ወሩ የሚያበቃበትን ቀን መያዝ አለበት።

የታመመ ሠራተኛ አሠሪው ሁኔታውን ሊያውቅ የሚችል ካልሆነ ወይም ማስታወቅ ካላቃተው በቀር በቀረበት ማግስት ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ስልክ መደወል ወይም በዘመድ ቃል መላክ ይበቃል ብሎ በደንቡ ማስፈር ብልህነት ነው። ማስረጃው ከታወቀ የሕክምና ተቋም፣ ለምሳሌ ከጅማ ሕክምና ማዕከል ወይም ከሸነን ጊቤ ሆስፒታል፣ የተሰጠ መሆን አለበት። አሠሪው የሚያስፈልገው የዕረፍቱ ቀን ብዛት፣ ማኅተሙና ፊርማው ነው፤ የበሽታውን ስም ከቢሮ ወደ ቢሮ ማዞር ሠራተኛውን ከማሳፈር በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም። አዋጁም አሠሪው የሠራተኛውን የጤና ሁኔታና የተጠቀመበትን ፈቃድ እንዲመዘግብ ሲያዝ ኤች አይ ቪን በግልጽ ለይቶ አስቀርቷል።

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ጣቱን መጋዝ የቆረጠው አናጺ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ ስለሚያገኝ፣ በስሕተት በሕመም ፈቃድ መዝገብ ከገባ መብቱን ያጣል።

የቤተሰብ ጉዳይ

ለጋብቻና እስከ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀናት፣ ሚስቱ ለወለደችለት አባት ደግሞ ሦስት ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ክፍያ ጋር ይሰጣል። ዓርብ ማታ ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ ሦስት ቀኑ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ተደርቦ ሊያልቅበት ስለሚችል፣ አቅሙ ያለው ድርጅት ቢጨምርለት ያምርበታል። በሐዘን ጊዜ ከለቅሶ ቤት ወረቀት አምጣ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ የዕድሩ ደብዳቤ ወይም የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት በኋላ ቢቀርብ ይበቃል።

የታመመ ልጅ ወይም ወላጅ ለማስታመም ግን ራሱን የቻለ ክፍያ ያለው ፈቃድ በአዋጁ የለም። ያሉት አማራጮች ሁለት ናቸው፦ ከዓመት ፈቃድ መቀነስ፣ ወይም ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት የሚሰጠውን ያለ ክፍያ ፈቃድ መጠቀም። ሁለተኛው በበጀት ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ አይሰጥም። እናቱን ለሕክምና ይዞ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የሚሄድ ሠራተኛ አምስት ቀን ላይበቃው ስለሚችል፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከዓመት ፈቃዱ፣ የቀሩትን ያለ ክፍያ አድርጎ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ይቻላል። ስምምነቱ በሁለት ቅጂ ተፈርሞ አንዱ በሠራተኛው እጅ ይቀመጣል።